ከማሳ የሚወጣው ውኃም ደንብ ይሻል

በጎጃም፣ በመርዓዊ አካባቢ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያለማ ታስቦ የተሠራው የቆጋ ግድብ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወራው ወደ ማሳ ስለሚገባው ውኃ ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ከማሳው ተንጠፍጥፎ የሚወጣው ነው። ከላይኛው ማሳ የተረፈው ለታችኛው ገበሬ መስኖ ሊሆን ይችላል፤ ይሁን እንጂ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ይዞ ሊወርድ ስለሚችል፣ ማን፣ መቼና ለየትኛው ሰብል እንደሚጠቀምበት አስቀድሞ መወሰን አለበት። በጥሬው ለሚበላ ሰላጣና ቃሪያ የማይሆን ውኃ ለባሕር ዛፍ ችግኝ ሊበቃ ይችላል።

ለዚህ ሕጋዊ መነሻ አለ። የ1992ቱ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ የቤት ውስጥ ፍጆታን ከሌላው አገልግሎት ሁሉ ያስቀድማል፣ ፍሳሽን ወደ ውኃ አካል ለመልቀቅም ፈቃድ ይጠይቃል፤ አዋጅ ቁጥር 841/2006 ደግሞ የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት የሚቋቋሙበትን ሥርዓት ደንግጓል። ከእነዚህ አዋጆች ሥር የሚያስፈልገው በቀበሌ ደረጃ የሚጻፍ፣ ተራ የሚያከፋፍለው የውኃ አባት የሚያስከብረው መተዳደሪያ ደንብ ነው። (የውኃ አባቶች ልምድ፣ በእኔ እምነት፣ ከማንኛውም ጥናት በፊት መደመጥ ይገባዋል።) ደንቡ ሲረቀቅ ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ሊገኙበት ይገባል፤ መጠጫው፣ የልብስ ማጠቢያውና የከብት ማጠጫው ከመስኖ ቦዩ እንዴት እንደሚለዩ ከእነርሱ የተሻለ የሚናገር አይኖርም።