ፈቃዱ ከቤቱ ጋር አይሸጥም

«የበረዶ መንሸራተቻ ከተማ ውስጥ አፓርታማ እገዛለሁ፣ በኤርቢኤንቢ (ቤት ለእንግዶች ለአጭር ጊዜ በሚከራይበት ድረ ገጽ) አከራየዋለሁ፣ ብድሩን ራሱ ይከፍላል» የምትሉ ካላችሁ፣ ቆይ እስቲ። መጀመሪያ ከተማው ስለሚሰጠው የማከራያ ፈቃድ ጠይቁ።

አሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ያለችውን ብሬከንሪጅን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2021 በምትሰጠው የአጭር ጊዜ ኪራይ ፈቃድ ብዛት ላይ ጣሪያ አበጀች። እዚያው ኮሎራዶ ያለችው አስፐን ደግሞ በዚያው ዓመት መጨረሻ አዲስ ፈቃድ መስጠት አቁማ በ2022 ደንቡን እንደ አዲስ ጻፈችው። አስፐን ውስጥ ራስህ የምትኖርበትን ቤት የምታከራይ ከሆነ በዓመት ከ120 ሌሊት አታልፍም።

ሰው የሚሸወደው ግን ሌላ ቦታ ነው። ሻጩ የሙቅ ገንዳውን ፎቶና ያለፈውን ክረምት ገቢ ያሳይሃል፣ አንተም በዚያ ሂሳብ ትገዛለህ፣ ከዚያ ፈቃዱ በሻጩ ስም የነበረ እንጂ ወደ አንተ የማይዞር መሆኑን ቁልፉን ከተረከብክ በኋላ ትሰማለህ። የከተማው የፈቃድ ኮታ ሞልቶ ከሆነ ወረፋ ነው። በቃ።

በከተሞቹ አልፈርድባቸውም። ተንሸራታቾችን ወደ ተራራው የሚያወጣውን የገመድ ወንበር የሚያንቀሳቅሰው፣ ሳህን የሚያጥበው ሰው፣ ቤቱ ለእንግዳ እየተከራየ፣ የሚከራየው ቤት አጥቶ በየቀኑ ተራራ እየወጣ እየወረደ ይሠራል። (አንድ ክፍሏን ብቻ የምታከራይ ጡረተኛ በዚሁ ደንብ ስትያዝ ግን ያናድደኛል።)

አንዴ እንዲህ ያለ ቤት አርፌ፣ በሩ ጀርባ አንድ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። የፈቃድ ቁጥር፣ ስንት ሰው እንደሚያድር፣ ስንት መኪና እንደሚቆም፣ ሌሊት ጎረቤት ቢያማርር የሚደወልለት ሰው። ከታች በቀይ እስክሪብቶ፦ «ቆሻሻ ውጭ አታሳድሩ፣ ድብ ይመጣል።»