ኤል የሞተ ማታ

ትናንት ማታ እህቴ ላፕቶፑን ድርግም አድርጋ ከደነችው። ምንም አላለችም። ጋቢዋን ተከናንባ ወደ ግድግዳው ዞረች።

እኔ ይህችን ማታ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስጠብቃት ነበር። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ክፋትም ነበረበት። «ዴዝ ኖት» የሚባለውን የጃፓን ተከታታይ አኒሜሽን አብረን ስንጀምር 25ኛው ክፍል ላይ ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። እሷ አታውቅም። ኤል ወንበር ላይ ቁጢጥ ብሎ ኬኩን ሲበላ ባየች ቁጥር «ይሄን ልጅ ስወደው!» ትላለች። እኔ ጭጭ።

ላላየው ሰው ባጭሩ ልንገረው። ላይት ያጋሚ የሚባል ጎበዝ ተማሪ፣ ሪዩክ የተባለ ሺኒጋሚ (የጃፓኖች የሞት አምላክ) የጣለውን ደብተር ያገኛል። መልኩን የሚያውቀውን ሰው ስም ከጻፈበት፣ ሰውየው በ40 ሰከንድ ውስጥ ልቡ ቀጥ ይላል። ላይት ወንጀለኞችን መጨረስ ይጀምራል። ሕዝቡ «ኪራ» ይለዋል። ኤል ደግሞ እግር በእግር የሚከታተለው መርማሪ ነው። ታሪኩ መጀመሪያ የወጣው በማንጋ፣ ማለትም በጃፓን የሥዕል መጽሐፍ ነው፤ ደራሲው ትሱጉሚ ኦባ፣ ሠዓሊው ታኬሺ ኦባታ ናቸው። ማድሃውስ ስቱዲዮ በ37 ክፍል አኒሜ አደረገው፤ ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2006 ጀምሮ ታየ።

እኔ ያየሁት በ2004 ዓ.ም. ዶርም ውስጥ ነው። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲገለበጥ የመጣ፣ የትርጉም ጽሑፉ ከድምፁ ሁለት ሰከንድ የሚቀድም ኮፒ ነበር። አንድ ላፕቶፕ፣ ስድስት ራስ። በሁለተኛው ቀን ዶርሙ ለሁለት ተከፈለ፤ የኪራ ሰዎችና የኤል ሰዎች። የኤል ሰዎች ሻያቸውን በስድስት ማንኪያ ስኳር መጠጣት ጀመሩ። አንደኛው ጭራሽ ወንበር ላይ ቁጢጥ ብሎ ማጥናት አመጣ። ኤል «እንደ ሰው ከተቀመጥኩ የማሰብ ችሎታዬ በ40 በመቶ ይቀንሳል» ብሏላ! ውጤት ሲለጠፍ ግን ነገሩ ከአቀማመጥ እንዳልሆነ ገባን።

ስምንተኛው ክፍል ላይ የተሳቀው ሳቅ አይረሳኝም። የላይት መኝታ ቤት ውስጥ 64 ካሜራ ተተክሏል። እሱ ትንሽ ቴሌቪዥን የቺፕስ ከረጢት ውስጥ ደብቆ፣ በቀኝ እጁ ሒሳብ እየሠራ በግራው ሰው ይገድላል። ከዚያ ዓለምን የሚገለብጥ ይመስል «ቺፕሱን አነሳና… እበላዋለሁ!» ይላል። ለወራት ዶርማችን ውስጥ ማንም ሰው ቆሎ እንኳ በሰላም አልቆረጠመም።

እኔ የኪራ ሰው ነበርኩ። ሃያ ዓመቴ ነበር፤ በዚያው ሰሞን ታክሲ ውስጥ ስልኬን ተሰርቄያለሁ። «የዚያን ሌባ ስም ባውቀው» አልኩ። ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ከዚያ 25ኛው መጣ። ዝናብ ይዘንባል። ኤል ጣሪያው ላይ ቆሞ «ደወል ይሰማኛል» ይላል። ከጣሪያው ከገቡ በኋላ ደረጃው ላይ ጎንበስ ብሎ የላይትን እርጥብ እግር በፎጣ ያብስለታል። ይህ ትዕይንት ማንጋው ላይ የለም፤ አኒሜው የጨመረው ነው። ብዙ ተመልካች ክርስቶስንና ይሁዳን ያነሳል፣ ይከራከርበታል። ለእኛ ክርክር አላስፈለገም። ከላይኛው አልጋ አንዱ ቀስ ብሎ «ጸሎተ ሐሙስ» አለ። በቃ።

መጀመሪያ የኤል ረዳት ዋታሪ ሄደ። ቀጥሎ ማንኪያው ከኤል እጅ ወደቀ። ራሱም ከወንበሩ ሲወድቅ ላይት ያዘው፤ ያዘውና ፈገግ አለበት። አሸንፈን ነበር እኮ! ከኪራ ሰዎች ግን አንድም የጨፈረ የለም። የሜካኒካል ተማሪው ነጠላ ጫማውን አጥልቆ ወጣ። የቀሩትን 12 ክፍሎች እስከ ዛሬ አላየም። በኋላ፣ እዚያው ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2006 በሰው ተዋናዮች የተሠራውን ፊልም አገኘ። እዚያ ኤል አስቀድሞ የራሱን ስም ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ከ23 ቀን በኋላ እንዲሞት ስለጻፈ ከዚያ በፊት ሌላ ማንም ሊገድለው አይችልም፤ ላይትንም ያሸንፋል። «እውነተኛው መጨረሻ ይሄ ነው» ብሎ ዘጋው፤ ክርክርም አይሰማም። እ.ኤ.አ. በ2017 ኔትፍሊክስ ያወጣውን የአሜሪካውን ቅጂ ስናነሳ ግን የኤልም የኪራም ሰው ታርቆ አብሮ ነው የሚያማርረው።

ከኤል በኋላ ስለመጣው ስለ ኒር የሚባለውን እኔም ስል ኖሬያለሁ። ቀሽም፣ የኤል ግልባጭ፣ ምናምን። ማንጋውን ካነበብኩ በኋላ ግን ትንሽ አዘንኩለት። ኤል የሚሞተው ምዕራፍ 58 ላይ ነው። ለዚያ አኒሜው 25 ክፍል ሰጠ። የቀሩትን 50 ምዕራፎች በ12 ክፍል ጠቅጥቆ ጨረሰ። በዚህ ሩጫ ማን ይወደዳል?

ያም ሆኖ ዛሬ እስክሪብቶ ያስያዘኝ ኒርም ኤልም አይደለም። እህቴ ናት። ገና በሁለተኛው ክፍል ነው ያሰናከለችኝ።

ክፍሉን የምታስታውሱት ታስታውሱታላችሁ። አንድ ሰው በቴሌቪዥን ቀርቦ «ኤል እኔ ነኝ፤ ኪራ፣ ሥራህ ክፉ ነው» ይላል። ላይት ይበግናል። ስሙን ይጽፋል፤ ሰውየው ጠረጴዛው ላይ ይደፋል። ወዲያው እውነተኛው ኤል በድምፅ ይመጣና ወጥመዱን ይገልጣል። የሞተው ሰው የሞት ፍርደኛ ነበር፤ ስርጭቱም የታየው ካንቶ፣ ቶኪዮ ያለችበት ክልል ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ኪራ ካንቶ ነው ያለው። ያኔ «ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው!» ብለን ጮኸናል።

እህቴ አልጮኸችም። «ስለሰደበው ነው እንዴ የገደለው?» አለች።

«ሰውየው እኮ ወንጀለኛ ነው።»

«ላይት ግን አያውቅም ነበር። አንተ ደግሞ!»

አቆምኩት። ሻይ ልቅዳ ብዬ ተነሳሁ እንጂ መልስ አልነበረኝም። 13 ዓመት ሙሉ «ኪራ ሲጀምር ጥሩ ነበር፤ በኋላ ነው የተበላሸው» ስል ኖሬያለሁ። በኋላ የምለው ሁለተኛው ክፍል ሆኖ ተገኘ። በኋላ ላይት የሚገድላቸው አሥራ ሁለቱ የኤፍ ቢ አይ ሰዎች ገና አልሞቱም። ከእነሱ የአንዱ እጮኛ ናኦሚ ሚሶራ ገና በረዶ ላይ ሄዳ አልጠፋችም። የናኦሚን ክፍል ደግሞ ዶርም ውስጥ ሁለት ጊዜ መልሰን ነው ያየነው፤ ላይት እንዴት ስሟን አታሎ እንዳወጣ ለማድነቅ። እጮኛዋን ቀብራ የመጣች ሴት መሆኗን ያነሳ ሰው አላስታውስም።

ጥፋቱ ሁሉ የእኔ ነው አልልም። ዳይሬክተሩ ቴትሱሮ አራኪ እስክሪብቶውን እንደ ጎራዴ ነው ያስመዘዘው። መዘምራን ከኋላ ይጮኻሉ፣ ላይት ስም ይጽፋል፣ አንተም ሳታውቀው ታጨበጭባለህ። እህቴ ላይ ግን ያ ሁሉ ዝማሬ አልሠራም። እማዬማ ጭራሽ። ባለፈው እሑድ የቡና ረከቦቷን ይዛ ስታልፍ ሪዩክን አየችው።

«በስመ ሥላሴ! ይሄ ምንድን ነው?»

«ሺኒጋሚ ነው እማዬ። ምንም አያደርግም፣ ፖም ብቻ ነው የሚበላው።»

«ሳጥናኤልን ቤቴ አስገብታችሁ ፖም ታበሉልኛላችሁ?»

መጨረሻውም ሳስበው ተለወጠብኝ። አኒሜው ላይ ላይት ቆስሎ ያመልጣል። ፀሐይ እየጠለቀች፣ የድሮ ራሱን መንገድ ላይ እያየ ይሮጣል፤ ደረጃ ላይ ተጋድሞ፣ ኤልን እያየ፣ በጸጥታ ያልፋል። ያኔ እንባዬ መጥቷል። ማንጋው ግን እንዲህ አይራራም። እዚያ ላይት አያመልጥም። ወለሉ ላይ ወድቆ፣ መሞት አልፈልግም እያለ ይለምናል፤ ይጮኻል። ሳነበው «እንዲህማ አያዋርዱትም» ብዬ ተናድጄ ነበር። አሁን ግን የማንጋው ይሻላል እላለሁ። ሌሎቹን ሁሉ ማን ፀሐይ እየጠለቀች እንዲሞቱ ፈቀደላቸው?

ዛሬ ጠዋት እህቴ አላናገረችኝም። «ታውቅ ነበር፤ እያወቅክ ዝም አልከኝ» ብቻ። ቀኑን ሙሉ ኩርፊያ። ማታ ራት ከበላን በኋላ ግን ላፕቶፑን ራሷ ይዛው መጣች። ከፈተችውና ፋይሎቹን ቁልቁል ማየት ጀመረች። 26፣ 27፣ 28። አንዱ ላይ በትንሿ ሥዕል የኒር ፊት ይታያል።

«ይሄን ነጭ ፀጉር አልወደውም» አለች።

«ገና አላየሽውም እኮ!»

«ቢሆንም» አለችና 26ኛውን ተጫነችው።