ከዓባይ በረሃ እስከ ደብረ ማርቆስ፦ ውሃ በምታፈስ መኪና የተደረገ ጉዞ

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደው መንገድ እስከ ጎሃ ጽዮን ድረስ ሞተርን ብዙም አይፈትንም። እንጦጦን ከተሻገሩ በኋላ ሱሉልታ፣ ጫንጮ፣ ሙከጡሪ፣ ፍቼና ገብረ ጉራቻ በሰፊው ደጋ ላይ እየተከታተሉ ይመጣሉ፤ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው፣ ዳገቱም አይከብድም። ፈተናው የሚጀምረው ጎሃ ጽዮን ላይ ሜዳው አልቆ የዓባይ ሸለቆ ወለል ብሎ ሲታይ ነው። መንገዱ ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ በፍልቅልቅ በኩል እየተጠማዘዘ ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ድልድዩን ከተሻገረ በኋላ ደግሞ የወረደውን ያህል በኩራር በኩል መልሶ ወጥቶ ደጀን ይገባል። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ርቀት ውስጥ አንድ ሞተር ደጋውንም ቆላውንም ረጅሙንም ዳገት ያያል።

ባለፈው በጋ ይህን መንገድ የተጓዝኩት ወንድም ጋሼ እያልኩ ከምጠራው የአክስቴ ልጅ ጋር ሲሆን፣ የምንሄደውም ለአያታችን ተዝካር ነበር። መኪናዋ የእሱ ናት። አዲስ አበባ ውስጥ ተሳፋሪ እያመላለሰች ቤተሰቡን የምታኖር፣ ዕድሜዋ የገፋ ቢሆንም ውጭዋም ውስጧም በንጽሕና የተያዘ የቤት መኪና ናት። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ውሃ መጠጣት አብዝታ ነበር። ወንድም ጋሼ ጉዳዩን ችላ አላለውም፤ ወደ አንድ ጋራዥ ወስዶ አሳይቷት፣ «ትንሽ ላብ ነው፣ እየጨመርክ ንዳ» የሚል መልስ ተሰጥቶት ተመልሷል። ስለዚህም ከኋላ መቀመጫው ሥር ሁልጊዜ በጀሪካን የቧንቧ ውሃ ይይዝ ነበር፤ ፍቼ ላይ ቁርስ በልተን ከመነሳታችን በፊትም ኮፈኑን ከፍቶ ሞላላት።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ምንም አልታየም፤ ሞተር ሲወርድ ሥራ ስለማይበዛበት ሕመሙን ይደብቃል። ሸለቆው ውስጥ አየሩ ሞቀ፤ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀውን፣ 303 ሜትር ርዝመት ያለውን የሕዳሴ ድልድይ ተሻገርን። ድልድዩ ላይ መቆም ስለማይፈቀድ፣ ሞተሩን ሳናሳርፍ ዳገቱን ተያያዝነው። ከፊታችን ጭነት የያዙ ከባድ መኪኖች ተደርድረው ያዘግማሉ፤ መሬቱ እየተንሸራተተ አስፋልቱን ስላጎበጠው ማለፍም አይቻልም። በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እየተጎተትን ስንወጣ ሞተሩ በኃይል ይሠራል፣ የሞተሩን ውሃ የሚያበርደውን ራዲያተር የሚመታው ነፋስ ግን የእግረኛን ፍጥነት ያህል እንኳ የለውም።

ኩራርን እንዳለፍን የሙቀት መለኪያው መርፌ ከግማሽ በላይ ወጣ። ወንድም ጋሼ የአየር ማቀዝቀዣውን አጥፍቶ፣ ጭነቱን ሊያቀልላት ወደ መንገዱ ዳር እየተጠጋ ሳለ፣ መርፌው በድንገት ተመልሶ ወረደ። ማንም ሰው በረደ ብሎ የሚደሰትበት ቅጽበት ነው። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነበር። መለኪያው ሙቀቱን የሚያነበው በውሃ ውስጥ ተነክሮ ነው፤ ውሃው ከሱ በታች ሲወርድ በባዶ ቦታና በእንፋሎት ውስጥ ስለሚቀር የብረቱን ግለት ማንበብ ያቆማል። የሚሞቅ አየር እንዲወጣ ማሞቂያውን ብንከፍተው ቀዝቃዛ ነፋስ ብቻ ወጣ፤ ይህም ውሃው ወደ ውስጠኛው ቱቦ መድረስ እንዳቆመ የሚያሳይ ሌላ ምልክት ነው። ወዲያው ሞተሩ ጉልበት አጣ፣ የብረት መንኳኳት ተሰማ፣ ከኮፈኑ ዳርና ዳር እንፋሎት ተነሣና መኪናዋ ቆመች።

ከኋላችን ይመጡ የነበሩ አንድ በዕድሜ የገፉ የከባድ መኪና ሾፌር ረዳታቸውን ድንጋይ እንዲያስደግፍልን ልከው ራሳቸውም ወረዱ። ወንድም ጋሼ ጀሪካኑን ይዞ ሲጠጋ እጁን ያዙት።

«ልጄ፣ የራዲያተሩን ክዳን እንዳትነካው፤ ፊትህን ያቃጥልሃል። ቀዝቃዛ ውሃም በጋለ ብረት ላይ ከፈሰሰ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ቴስታታው፣ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ ይብረድ።»

ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። እሳቸውም የራሳቸው መንገድ እያለባቸው አብረውን ጠበቁ፤ ይህን ደግነታቸውን ሳልጽፈው ማለፍ አልፈልግም። በኋላ ክዳኑ በጨርቅ ተይዞ ተከፈተ፣ ውሃ ተጨመረ፣ ሞተሩም ለመነሣት ሲሞከር ከራዲያተሩ አፍ አረፋ እየተንፈቀፈቀ ወጣ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስበው ሲያዩት ወተት የተጨመረበት ቡና መስሏል። ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል ማለት ነው። «ከዚህ በኋላ በራሱ እንዳይሄድ» አሉን። በገመድ እስከ ደጀን ጎትተውን፣ ከዚያ በጭነት መኪና ላይ ተጭና ደብረ ማርቆስ ገባች።

የተዝካሩ ዕለት ካለፈ በኋላ ብዙውን ጊዜዬን ያሳለፍኩት ጋራዡ ውስጥ ነው። መካኒኩ ወጣት ነው፤ ነገር ግን የፈረሰውን ከመጠገኑ በፊት ለምን እንደፈረሰ የሚጠይቅ ዓይነት ባለሙያ ነው። በመጀመሪያ ያሳየን የውሃ ፓምፑን ነበር። ከፓምፑ ዘንግ በታች ሆን ተብላ የተተወች ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ የውስጡ ማኅተም ሲያልቅ ውሃው በዚያች በኩል እየወጣ ባለቤቱን እንዲያስጠነቅቅ ነው። በቀዳዳዋ ዙሪያ የደረቀ ሮዝ ቅርፊት ተጋግሯል፤ ድሮ የነበረው ኩላንት፣ ማለትም ከውሃ ጋር የሚደባለቀው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ትቶት የሄደው ምልክት ነው። የራዲያተሩ የፕላስቲክ ራስ ላይም እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበር። የክዳኑ ላስቲክ ደርቆ ተቆራርጧል። ውሃው እስኪሞቅ ድረስ ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚይዘውን ቴርሞስታት ሲፈልገው ደግሞ ጨርሶ አልነበረም፤ አንድ ሰው ከዚህ በፊት አውጥቶ ጥሎታል። ይህ በከተማ መንገድ ላይ መርፌው ሁልጊዜ ዝቅ ብሎ እንዲታይ አድርጎ ማፍሰሱን ሸፍኖት ኖሯል። ቴርሞስታትን አውጥቶ መጣል መፍትሔ ሳይሆን ሞተሩ ተገቢ ሙቀቱ ላይ እንዳይደርስ አድርጎ ቀስ በቀስ የሚበላ ልማድ ነው፤ በየጋራዡ እንደ ብልሃት መቆጠሩ ያሳዝነኛል።

ከሁሉም በላይ በልቤ የቀረው ነገር ግን ስለ ክዳኑ የነገረን ነው። ከ2,400 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የሞተር ውሃ በጤናው ቀን እንኳ ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ይሞቃል። ታዲያ በደጋ አገር የሚነዳ መኪና ሁሉ የማይፈላው ለምንድን ነው? የማቀዝቀዣ ሥርዓቱ በግፊት ስለታሸገ ነው። የግፊቱ ልክ 0.9 ባር ተብሎ የተጻፈበት ክዳን በትክክል ሲይዝ የመፍያውን ነጥብ ደጀን ላይ እንኳ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል፤ ኩላንት በተገቢው መጠን ሲደባለቅበት ደግሞ ጥቂት ይጨምርለታል። አንዲት የምታንጠባጥብ ቀዳዳ ያን ግፊት ታስተነፍሰዋለች። የሚጎዳን የጠፋው አንድ ሊትር ውሃ ብቻ አይደለም፤ የቀረው ውሃም በጊዜው ሳይሆን ቀድሞ ይፈላል፣ እንፋሎቱም ሙቀትን እንደ ውሃ ከብረቱ ላይ ሊያነሣ አይችልም። «እየጨመርክ ንዳ» የሚለው ምክር ለዚህ ነው አደገኛ የሚሆነው፦ ራዲያተሩ ጢም ብሎ ሞልቶ እንኳ መኪናው ሊፈላ ይችላል።

ቴስታታው ከወረደ በኋላ መካኒኩ ቀጥ ያለ ብረት በላዩ አጋድሞ በመካከሉ ያለውን ክፍተት በቀጫጭን የብረት ቅጠሎች ለካው። በብዙ አነስተኛ ሞተሮች የሚፈቀደው መጣመም 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የእኛው ከዚያ እጅግ አልፏል። ቴስታታው የተሠራበት አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ስለሚለጠጥ፣ በብሎን ታስሮ የሚሄድበት ሲያጣ ይጎብጣል፤ በጎበጠበትም በኩል ከሥሩ ያለው ማኅተም፣ ጋስኬቱ፣ ተቃጥሎ ውሃውን ከዘይቱ ጋር ያገናኛል። ከአራቱ ሲሊንደሮች የአንዱ ግድግዳም በፒስተኑ ተፍቆ ነበር። ስለዚህ ቴስታታውን ቶርኖ ቤት ልኮ ማስላጥ ብቻ አልበቃም፤ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ወረደ። በአግባቡ ቢያዝ ከ200,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሊያገለግል የሚችል ሞተር፣ የአንድ ፓምፕና የአንድ ክዳን ዋጋ ስላልወጣለት ያለ ጊዜው ፈረሰ። ወንድም ጋሼ የወጪውን ዝርዝር ሲያነብ ዝም አለ፤ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ እያሰበ መሆኑን አውቄያለሁ።

ጥገናው ሲያልቅ መካኒኩ የቧንቧ ውሃ ወደ ሞተሩ እንዲገባ አልፈቀደም፤ ዝገትና ጨው ትቶ ቀጫጭኑን መተላለፊያ ስለሚደፍን ነው። ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል ለእኩል ቀላቀለ፣ የመኪናዋን ፊት በክሪክ ከፍ አደረገ፣ ክዳኑን ከፍቶ ማራገቢያው ራሱ እስኪነሣ ድረስ እያሠራ የታመቀውን አየር አስወጣ። ሞተሩ ከበረደ በኋላ በክዳኑ ቦታ የሚያፈስ ቦታ መኖር አለመኖሩን የሚያሳይ የእጅ ፓምፕ ገጥሞ ግፊቱን 0.9 ላይ አደረሰው። ይህ መሣሪያ ከአንድ ሞተር ዋጋ አንጻር ምንም ያህል አይደለም፤ በየጋራዡ ቢኖር ስንቱን ቤተሰብ ከኪሳራ ባዳነ ነበር።

«ጋሼ፣ መለኪያውን እርስዎ ራስዎ ይመልከቱት» አለው።

ወንድም ጋሼ ጎንበስ ብሎ ቆየ። መርፌው ከቦታው አልተነቃነቀም። መካኒኩ ፓምፑን ነቅሎ አዲሱን ክዳን ገጠመና፣ አዲስ አበባ እስኪደርሱ ድረስ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ የመጠባበቂያ ጋኑን መጠን እንዲያይ፣ ከመስመሩ በታች ቢወርድም ጨምሮ ከመንዳት ይልቅ እንዲደውልለት ነግሮት ቁልፉን አስረከበው።