የፊልም ሰዎች እንዴት ይለማመናሉ? እስካሁን የደረስኩበት

የአማርኛ ፊልም ደብተር ይዤ ማየት ከጀመርኩ ሰነባበትኩ። የምከታተለው አንድ ነገር ነው፤ ገጸ ባህሪው ሲለምን፣ ሲያዝ ወይም እምቢ ሲል የሌላውን ክብር እንዴት ይጠብቃል? እዚህ ደሴ የፊልም ጽሑፍ ለምትለማመዱ ጓደኞቼ ይጠቅማል ብዬ ነው የማካፍላችሁ።

መነሻዬ ብራውንና ሌቪንሰን የተባሉ የቋንቋ ምሁራን ስለ ትህትና አነጋገር ያቀረቡት ሐሳብ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በ1987 ራሱን ችሎ ታተመ። አነጋገርን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው ይላሉ፦ የበላይነት፣ ቅርበትና የጥያቄው ክብደት። ትዕይንት ባየሁ ቁጥር እነዚህን እመዘግባለሁ። እሳት ሲነሳ «ሩጥ!» ያለ ሰው ባለጌ አይባልም። ብድር ፈልጎ የመጣው ግን ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ጠይቆ ሲያበቃ «ዘንድሮ እኮ የዘር ነገር ቸገረን» ይላል። ብር የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። የተጠየቀውም ሰው መስጠት ካልፈለገ «ምን ይደረግ፣ ዘንድሮ ሁሉንም ነው የነካው» ብሎ ያልፋል። ጠያቂው አላፈረም፣ ተጠያቂውም አልከለከለም። እንዲህ ያለ ንግግር ስሰማ ፊልሙን አቁሜ ደግሜ እሰማዋለሁ።

የከበደኝ ግብዣ ነው። በብራውንና በሌቪንሰን አመለካከት ሰውን መጫን ነጻነቱን መንካት ነው። ወሎ ቤት ግን «በሞቴ! አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ» ሳይባል የተነሳ እንግዳ ተከብሯል አይባልም። እንግዳውም በመጀመሪያው ጥሪ እጁን አይዘረጋም። አንድ ፊልም ላይ እናት «ትበላለህ?» ትላለች፤ ልጁ «በልቻለሁ» ይላል፤ እሷም «እሺ» ብላ ትነሳለች። ተኳርፈዋል ብዬ ጠበኩ። ለካ በታሪኩ ውስጥ ምንም ኩርፊያ የለም! ለወሎ ተመልካች ያ «እሺ» ከስድብ ይከፋል። ስለዚህ የወሎ ቤት ስትጽፉ ልመናውን ለማሳጠር ብላችሁ አትቁረጡት። ማን ስንቴ እንደለመነና ማን ቶሎ እንደተወ ብቻ ዝምድናቸውን ይነግረናል።

ትህትና ማስፈራሪያም ይሆናል። «አባቴ፣ እርስዎን ማስቸገር አልፈልግም፤ እስከ ቅዳሜ ቤቱን ቢለቁልኝ» የሚል ባለሀብት ከሚጮኸው ይልቅ ያስፈራኛል።

አሁን ከፊልም ወጣ ብዬ ሰኞ ገበያ የዋጋ ክርክር እያዳመጥኩ ነው። ሻጯ «እህቴ፣ ላንቺ ብዬ ነው» እያለች ከዋጋው ፍንክች አትልም። ቀጥሎ የምጽፈው ትዕይንት ከዚያ የሚነሳ ነው።