ቦርሳ ፈታሹ

ልጁ 9 ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት የመጣው ቅጽ ላይ መምህሯ «ቦታው ላይ አይቀመጥም» የሚለውን ሁለቴ አስምራበታለች። በዚያ ላይ ጠዋት ጠዋት ሆዱን ያመዋል። እናቱ ጨጓራውን አስመርምራለች፣ ምንም የለም።

ኬዝ ስንወያይ ዶክተራችን ቅጹን ገልበጥ አድርጎ ጨረሰ። «ኤዲኤችዲ ነው።» ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር ማለቱ ነው። «መድኃኒቱን፣ ሪታሊን እንጀምርለት። ትኩረቱ ሲስተካከል ጭንቀቱም አብሮ ይሄዳል።»

«ጭንቀቱ ራሱን የቻለ ቢሆንስ ዶክተር?»

«የኤምቲኤን ጥናት አንብቢ እንጂ! 579 ልጆች፣ 14 ወር። መድኃኒቱ የባህርይ ሕክምናውን በለጠው።»

አንብቤዋለሁ። የኤዲኤችዲ ሕክምናዎችን ባነጻጸረው፣ በዚያው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ጥናት ውስጥ ከሦስቱ ልጆች አንዱ ያህል ጭንቀትም ነበረበት። እነዚህ ልጆች ደግሞ በባህርይ ሕክምናው ያሳዩት ለውጥ ከመድኃኒቱ ጋር የሚቀራረብ ነበር። ይህን ስናገር ሰዓቱን አየ። እሱ ፊት ለፊቱን፣ እኔ ጀርባውን ይዘን በአንድ ጥናት ተከራከርን።

ከሰዓት ልጁን «ክፍል ውስጥ ብድግ ብድግ የምትለው ለምንድን ነው?» አልኩት።

«ቦርሳዬን ላይ።»

ቦርሳው ኋላ ተሰቅሏል። ደብተር ረስቶ ሲመጣ መምህሯ ታስቆመዋለች። ስለዚህ እንዳልረሳ ሊያረጋግጥ ይነሳል። አይቶ ይመለሳል። ቁጭ ሲል ደግሞ በደንብ ማየቱን ይጠራጠራል።

መርሳቱ ኤዲኤችዲ፣ ፍተሻው ጭንቀት። ቅጹ ላይ ግን ሁለቱም «ቦታው ላይ አይቀመጥም» ናቸው።

ሪታሊኑ በትንሽ መጠን ተጀመረ። ልቡ ፈጠን ሊል፣ ምግብም ሊያስጠላው እንደሚችል ቀድሜ ነገርኩት። አለዚያ የሚፈራ ልጅ ልቡ ሲመታ ሌላ ፍርሃት የመጣ ይመስለዋል። ይህን ማስረዳት የዶክተሩ ሥራ ነበር፣ ግን ወረፋው ረጅም ነው እንበል።

መድኃኒቱ ሠራ። አልክድም፣ በደንብ ሠራ። ደብተር መርሳት ቀረ። ዶክተሩ «ለመድኃኒቱ ጥሩ ምላሽ» ብሎ ጻፈና ፋይሉን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «አላልኩሽም?»

ከሥሩ ጻፍኩበት፦ «ቦርሳውን አሁንም ይፈትሻል። ልዩነቱ፣ አሁን ምንም ሳይረሳ ነው የሚፈትሸው።»

ትምህርት ቤቱማ ጥንቃቄውን ወዶለት የክፍል አለቃ አድርጎታል። የሌሎቹንም ደብተር ይቆጥራል። ጠዋት ግን ያው ሆዱን ያመዋል።

«እና ምን ይሁን ነው የምትይው የኔ እህት?» አለች እናትየው። «ይርሳ?»

«አዎ። አንድ ቀን ሆን ብሎ አንድ ዕቃ ቤት ይተው። ምንም እንደማይመጣ በዓይኑ ይየው።»

ዶክተሩን ዞር ብላ አየችው፣ መታከም ያለብኝ እኔ ነኝ በሚል ዓይን። እሱም አቀርቅሮ ፋይል ማገላበጥ ጀመረ። ሳቁን እየዋጠ እንደነበር አውቃለሁ።

«ደብተሩን ነው የሚተወው?»

ደብተሩ የመጨረሻው ነው፣ የሚጀመረው ከትንሹ ነው። እስክሪብቶ አልኩ። «ፈተና ቢኖርስ?» ማስመሪያ አልኩ። «ሒሳብ አለው እኮ!» በስንት ክርክር በመቅረጫ ተስማማን። ያውም ሦስት እርሳስ ተቀርጾ እንዲያዝለት።