ከደሴ ቆርቆሮ እስከ ኮምቦልቻ ወንፊት

ደሴ የሚያድር ሰው የአልጋ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ክፍሉ ከላዩ ምን እንዳለ ይጠይቅ። ለእኔ የደረሰኝ ቆርቆሮ ነው። 900 ብር ከፈልኩ፤ ሙቅ ውሃ አለ ተባልኩ፤ ቧንቧው የሰጠኝ ግን የጦሳ ተራራን ብርድ ነው። ይሁን ብዬ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ ተኛሁ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ግድም የበልግ ዝናብ ወረደ። ሲኖትራክ ጣሪያው ላይ ጠጠር የገለበጠ ነው የሚመስለው። አዲስ አበባ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሌሊት መዝነቡን የማውቀው ጠዋት ጭቃ ስረግጥ ነው። እዚህ ግን ዓይኔ ሳይከደን ነጋ።

እንግዳ መቀበያው ላይ ላለችው ልጅ አማረርኩ። ስለ ሙቅ ውሃው "ዛሬ ይሠራል" አለችኝ። ስለ ጣሪያው ስነግራት ግን ሳቀች። "ዝናቡማ የአላህ ነው፣ ወንድምዋ!" ብላ የዝንጅብል ሻይ አስመጣችልኝ። ሒሳቡን ልከፍል ብል እምቢ አለች። ንዴቴ ግማሹ እዚያው ቀረ።

እንቅልፍ ያሳጣኝን ሰው ግን በስሙ አውቀዋለሁ። ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር ይባላል፤ የለንደን ወደብ መሐንዲስ ነበር። ስስ ላሜራ ዝም ብሎ ሲዘረጋ ይጎብጣል። ሞገድ ሞገድ አድርገው ሲያጥፉት ግን ራሱን ይሸከማል። ፓልመር ይህን በ1829 እ.ኤ.አ. በስሙ አስመዘገበ። የቀረው ዝገቱ ነበር። በ1837 እ.ኤ.አ. ስታኒስላስ ሶሬል የተባለ ፈረንሳዊ ብረትን በቀለጠ ዚንክ ውስጥ ለመንከር ዘዴ ፓተንት፣ ማለትም ሌላው እንዳይቀዳ የሚከለክል የፈጠራ መብት፣ አወጣ። ዚንኩ ሽፋን ብቻ አይደለም፤ ቆርቆሮው ቢጫር እንኳ ዙሪያው ያለው ዚንክ ቀድሞ እየተበላ ብረቱን ያተርፈዋል። ያኔ የእንግሊዝ ፓተንት ዕድሜው 14 ዓመት ነበር። የፓልመርም ጊዜ አለቀ። ቆርቆሮው ይኸው ደሴን ከዳር እስከ ዳር አልብሷታል፣ ለፓልመር ወራሾች አንድ ሳንቲም የሚከፍል የለም።

ይህን ሁሉ የማውቀው እንጀራዬ ስለሆነ ነው። ሰው የሠራውን ማሽን እየሣልኩና እየጻፍኩ የፓተንት ማመልከቻ አዘጋጃለሁ። ኮምቦልቻ ያሉ አንድ ባለሙያ የጤፍ ማበጠሪያ ሠርቻለሁ ብለው ደወሉልኝ፤ የመጣሁት ለዚያ ነው። ኮምቦልቻን አልፌ ደሴ የወጣሁት ለቅሶ ልድረስ ብዬ ነው። ከአዲስ አበባ ያለውን መንገድ አትጠይቁኝ፣ ተኝቼ ነው የጨረስኩት።

ከፒያሳ ወደ መናኸሪያ የወሰደኝ ባለ ባጃጅ 200 ብር አስከፈለኝ። እኔ ስወርድ የገቡት እናት ለመልሱ በ40 ተስማሙ። ምነው ብለው፣ "ዛሬ ካንዴላ ቀይሬ ነው የወጣሁ" አለኝ ልጁ፣ ሳያፍር። የካንዴላ፣ የሞተሩን ነዳጅ በብልጭታ የሚለኩሰው ዕቃ፣ ነገርማ ሕንድ ውስጥም ሰው አካስሷል። የባጃጅ ኩባንያ ትንሽ ሞተር ላይ ሁለት ካንዴላ የመግጠም ፓተንት የእኔ ነው ብሎ በ2007 እ.ኤ.አ. ከተቀናቃኙ የሞተር ሳይክል አምራች ከቲቪኤስ ጋር ፍርድ ቤት ቆመ። ነዳጁ በሁለት በኩል ሲለኮስ በደንብ ይነድዳል፤ ነገሩ ይኸው ነው። በ2008 ባጃጅ እግድ አገኘ፣ በ2009 እግዱ ተነሳበት። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጭምር እንዲህ ያለ ክርክር አይጓተት፣ ቶሎ ይወሰን ብሏል። ይህን ለልጁ ብነግረው 50 ብር የሚጨምርብኝ መሰለኝና ዝም አልኩ።

ሐረጎን በሚኒባስ ቁልቁል ወረድን። ኮምቦልቻ ስገባ ጃኬቴን አወለቅኩ።

ወርክሾፑ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ብየዳው ይብለጨለጫል፣ ቶርኖው ይጮኻል፣ ግድግዳው ላይ ያረጀ ችንጋ ተንጠልጥሏል። ባለቤቱ ስልሳን ያለፉ ይመስሉኛል።

"እንዴት አደሩ፣ ጋሼ?"

"አልሐምዱሊላህ። ግባ ልጄ።"

ማሽኗ ቀላል ናት። ጤፉ ከላይ ይገባል፣ ማራገቢያው እብቁን ይነፋዋል፣ ከሥር ወንፊቱ ይንቀጠቀጣል። መንቀጥቀጡ የሚመጣው ዘንጉ ላይ በአንድ ወገን ብቻ ከበየዱት ቁራጭ ብረት ነው። ሚዛኑ ስለተዛባ ሲዞር ሁሉንም ያንዘፈዝፈዋል።

"ከተሠራች ስንት ጊዜዋ ነው?" አልኳቸው።

"የመጀመሪያዋን የሸጥኩት ከሦስት ዓመት በፊት ነው። እስከ ዛሬ ትሠራለች!"

እሳቸው በኩራት ተናገሩት፤ የእኔ ልብ ወረደ። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ፓተንት 15 ዓመት ይሰጣል፤ ፈጠራው አገር ውስጥ በደንብ ከተሠራበት 5 ይጨመርለታል። እንደ እሳቸው ላለ አነስተኛ ፈጠራ ደግሞ የግልጋሎት ሞዴል የሚባል ምስክር ወረቀት አለ፤ 5 ዓመት፣ ሲታደስ ሌላ 5። ሁለቱም ግን አዲስ ነገር ይፈልጋሉ። ሦስት ዓመት ገበያ የከረመ ማሽን አዲስ አይባልም።

"ጋሼ፣ ይቺን ማንም ቢቀዳት መከልከል አይቻልም እኮ።"

"ይቅዷት! ሁለት ልጆች ቀድተዋታል። ስትበላሽባቸው የሚያመጧት እኔው ጋ ነው። እኔ እንደሁ ከሽያጩ ይልቅ ከጥገናው ነው የበላሁ።"

ከመቅዳት ክልከላ ለሚበላ ሰው ይህ ደስ የሚል ወሬ አይደለም። መልስም አልነበረኝም።

ከዚያ ጥግ ላይ የቆመችውን አዲሷን አሳዩኝ። በድሮዋ ከጤፍ ወደ ስንዴ ሲዞሩ ወንፊት ለመቀየር ስምንት ብሎን መፍታት ግድ ነው። እዚህች ላይ ብሎን የሚባል የለም። ግራና ቀኝ ሞላ፣ ከፊት አንድ እጀታ። እጀታዋ ብድግ ስትል ሞላዎቹ ይላላሉ፣ ወንፊቷ ተስባ ትወጣለች። ራሴ ሞከርኩት። ሌላ ወንፊት አስገብቼ እጀታዋን መለስኳት፤ ቀጭ ብላ ያዘች። ደገምኩት። በእውነት ሸጋ ሥራ ነው።

"ይቺንስ ለማን ሸጡ?"

"ለማንም። ገዢዋ ዛሬ ነው የሚመጣ።"

"በአላህ ጋሼ፣ ማመልከቻው እስኪገባ አይስጡት!"

"ቀብድ በልቻለሁ፣ ልጄ።"

ሜትሬን አውጥቼ ወለሉ ላይ ተንበረከክኩ። መለኪያ የማበዛው በከንቱ አይደለም። እንግሊዛዊው የጥጥ ባለሀብት ሪቻርድ አርክራይት በ1785 እ.ኤ.አ. የጥጥ ማባዘቻውን ፓተንት ሲነጠቅ አንዱ ምክንያት አጻጻፉ ነው፤ ያንን አንብቦ ማሽኑን መሥራት አይቻልም ተብሎ ተመሰከረበት። የእጀታዋን ርዝመት እንደያዝኩ፣ ሞላው ገና ሳይለካ፣ አይሱዙው ጥሩንባውን እየነፋ ግቢ ገባ። ወዛደሮቹ እኔን ገፋ አድርገው ማሽኗን ጫኑ።

"ሳይመሽ ከሚሴ መድረስ አለብኝ!" ይላል ሹፌሩ።

"አምስት ደቂቃ!" ብዬ መኪናው ላይ ወጣሁ። እኔ ከላይ እየለካሁ ቁጥሩን እጮኻለሁ፤ ጋሼ ከታች ላሜራ ላይ በጠመኔ ይጽፋሉ። የሞላው ሽቦ ውፍረት 4 ሚሊ ሜትር። ሹፌሩ ለአምስቷ ደቂቃ 100 ብር ጠየቀኝ። ሳልከራከር ሰጠሁት።