ባጂ፣ ኮካቲየልና ላቭበርድ በአንድ ግቢ፦ እኔ እንዴት አኖርኳቸው

ባጂ፣ ኮካቲየልና ላቭበርድ ሦስቱም ሰው ቤቱ የሚያኖራቸው ትንንሽ የበቀቀን ዓይነቶች ናቸው። ወፍ የሚሸጥልኝ ሰውዬ «ቤቱን ሰፋ አድርገህ ሥራና ሁሉንም ልቀቃቸው፣ ይለማመዳሉ» ብሎኝ ነበር። ስፋትማ ያስፈልጋል። ግን የበቀቀን ጠብ በስፋት ብቻ አይበርድም።

ቤታቸው አዲስ አበባ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ የአጥሩን ግንብ ተደግፎ የተሠራ ነው። ባጂዎቹና ኮካቲየሎቹ አብረው ይኖራሉ፤ ላቭበርዶቹ እዚያው ጎን ለብቻቸው። ኮካቲየል 90 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ላቭበርድ 50 ግራም ቢሆን ነው፣ ግን የሚያባርረው ትንሹ ነው! ኮካቲየል ሲገፉት ዞር ይላል። ላቭበርድ ደግሞ እግር ነው የሚነክሰው፤ ጎረቤቱ ሽቦው ላይ ሲንጠለጠል ከወዲያ በኩል ጣቱን ለቀም ያደርጋል። ስለዚህ የመሃሉን ሽቦ ድርብ አድርጌ፣ በሁለቱ መካከል መንቁር የማያሻግር ክፍተት ተውኩ።

አዲስ ጋልቫናይዝድ ሽቦ ዚንክ አለበት፣ እነዚህ ደግሞ ያገኙትን ሁሉ ሲያኝኩ ነው የሚውሉት፣ ይመረዛሉ። በአቼቶና በብሩሽ ፈትጌ አጥቤ ነው የወጠርኩት። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ የዱር ወፍ ኩስ ከላይ እንዳይወርድባቸው። በሩ ድርብ ነው፣ ስገባ ስወጣ እንዳያመልጡ። ለኅዳርና ታኅሣሥ ብርድ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ሸራ አለ። ቡና የሚፈላው ደግሞ ራቅ ተብሎ ነው፤ የወፍ ሳንባ የከሰልና የዕጣን ጭስ አይችልም፣ እናቴ ይህን እስክትቀበል ብዙ ተከራክረናል።

ዋናው ነገር ግን ምግቡ ነው። አንድ ወንድ ባጂ ነበረኝ፣ ዕቃው ጠርዝ ላይ ቆሞ ራሱም አይበላ ሌላውንም አያስበላ፣ የባንክ ዘበኛ በሉት። ብዙ ትንንሽ ዕቃ ገዛሁና ተራራቀው፣ በእኩል ከፍታ ሰቀልኳቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሯሯጥ ዋለ፣ ሰለቸው፣ ተወው። መቀመጫ እንጨቱም እንደዚያው ነው፤ አንዱ ብቻ ከፍ ካለ ሁሉም እሱን ይፈልጋሉ፣ ጠብ ነው።

የመፈልፈያ ሳጥን በጋራ ቤት ውስጥ አላስገባም። ሴት ባጂዎች በሳጥን ከተጣሉ እስከ መገዳደል ይደርሳሉ። ጫጩት ከፈለግሁ ጥንዱን ለይቼ አወጣለሁ።

አዲስ ወፍ ሲመጣ ቢያንስ 30 ቀን ሌላ ክፍል ይቆያል፣ ምንም ጤነኛ ቢመስል። ሲታኮሲስ የሚባለው በሽታ ከደረቀ ኩስ በሚነሳ አቧራ ወደ ሰውም ይተላለፋል፤ ስጠርግ መጀመሪያ ውሃ እረጫለሁ፣ ማስክም አደርጋለሁ። ቀኑ ሲሞላ አዲሱ ወፍ በትንሽ ኬጅ ሆኖ ትልቁ ቤት ውስጥ ይቀመጣል። በሽቦ እየተያዩ ሲለማመዱ ነው ጠዋት ላይ የምለቀው። ማታ ፈጽሞ አለቅም፤ በጨለማ ከደነገጠ ግድግዳ ይመታዋል።

ግቢያችን ጥድ ስላለው የአገራችን ላቭበርዶች፣ እነዚያ ክንፋቸው ጥቁር፣ የወንዱ ግንባር ቀይ የሆነው፣ ፍሬ ሊለቅሙ ይመጣሉ። ያያቸው ሁሉ «ይዘህ ለምን አትጨምራቸውም?» ይለኛል። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ በተፈጥሮ የማይገኝ ወፍ ነው፣ ምን በሽታ ይዞ እንደሚገባም አይታወቅም። አልይዝም። የተራረፈ እህል ውጭ እንዳይደፋ ግን እጠነቀቃለሁ፣ ከኔዎቹ ጋር በሽቦ መንቁር ለመንቁር እንዳይገናኙ።